ቁራኛ

በጥንቱ ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንዱ ከሌላው እንዳይጠፋ በቁራኛ ይታሰሩ ነበር። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል፤ ሰንሰለት ሲታጣም የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ይሄዳሉ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጠጣሉ፣ ሌሊቱንም ጎን ለጎን ተኝተው ያነጋሉ። ከዚህ ጣጣ የሚገላግል ነገር ቢኖር ዋስ ነው። ዋስ የጠራ ሰው ቋጠሮው ይፈታለትና ወደ ቤቱ ይገባል።

ዛሬ ከዚያ ልማድ የተረፈን «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገር ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለ6 ዓመታት ከአንድ ሰው ጋር ተቆራኝቼ ኖሬአለሁ። እርሱ አሜሪካ፣ እኔ ኢትዮጵያ። ቋጠሯችን ያረፈው በነጠላ ጫፍ ላይ ሳይሆን በየወሩ በምፈርምበት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ነበር። የጥንቱ ዋስ ሰውን ከቁራኛ ያስፈታ ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን የሚቆራኘው ዋሱ ራሱ ሆኗል።

ነገሩን እንድጽፈው ያነሣሣኝ ነሐሴ ላይ ሐዋሳ የገጠመኝ ጉዳይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የማስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትቼ ከታቦር ተራራ ሥር ወዳለው የእናቴ ቤት እመጣለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ዛሬ እርሷም በዚያው በእኛ ተቋም ሌክቸረር ናት፤ ቤተሰቦቿ ይርጋለም አካባቢ ይኖራሉ። «መምህር፣ ሐዋሳ መሆንዎን ሰማሁ፤ ለአንድ ጉዳይ ላገኝዎ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ዘንድ ተቀጣጠርን።

አሞራ ገደልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን በምላጭ ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ትከሻቸውን ሰብቀው የሚወረወረውን አንጀት ይጠብቃሉ። ሾርባ አዘዝን። ልጅቱ ግን ማንኪያውን አላነሣችም። ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ከፊቴ አኖረች። አንደኛው በአውሮፓ ካለ ዩኒቨርሲቲ የተላከ የሦስተኛ ዲግሪ የነፃ ትምህርት ዕድል ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የእኛው መሥሪያ ቤት የዋስትና ውል ቅጽ ነው። የመጀመሪያውን አንብቤ ከልቤ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ማንበብ አላስፈለገኝም። በቃሌ አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እኔና ጓደኛዬ ሐዋሳ የገባነው በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የተማሪነት መታወቂያችን የሚለው «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ነበር። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተውን የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና የዲላን ኮሌጅ በአንድ ላይ በማዋሐድ ነው። ስንመረቅ ግን ዲላ ራሱን ችሎ ተለይቶ፣ የእኛም ዲግሪ በሐዋሳ ስም ወጣ። (ይህች ከተማ ስም ስትለዋውጥ የምትደክም አይደለችም፤ አዋሳ ነበረች ሐዋሳ ሆነች፤ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ደቡብ የተባለው ክልል ራሱ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ከካርታ ጠፍቷል። የእኔ አሮጌ መታወቂያ ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።)

ሁለታችንም ያጠናነው የግብርና ኢኮኖሚክስ ነው። ውጤታችን ጥሩ ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን በየአቅጣጫው ሲከፈቱ ከነበሩት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛው በረዳት ምሩቅነት ተቀጠርን። ስሙን አልጠራውም፤ የምናገረው ስለ አንድ ግቢ አይደለምና። ያን ጊዜ ግቢው ገና በግንባታ ላይ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ነበረው፣ መጽሐፍ ግን አልነበረውም። የ22 ዓመት ልጆች ሆነን የ20 ዓመት ልጆችን አስተማርን። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም። አገሪቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተነሥታ ከ40 በላይ ስትደርስ መምህሩ ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኛው መካከል ነው የተመለመለው። የፕሮፌሰርነት መንገድ ለእኛ የተጀመረው በትልቅ ምሁር እግር ሥር በመቀመጥ ሳይሆን፣ ትልቅ ምሁር በሌለበት ቦታ ላይ በመቆም ነበር።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከረዳት ምሩቅነት ተነሥቶ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሌክቸረር ይሆናል። ሦስተኛ ዲግሪ ሲጨምር ረዳት ፕሮፌሰር፤ ከዚያ በአብዛኛው 4 ዓመት አገልግሎ፣ ዕውቅና ባላቸው መጽሔቶች የምርምር ጽሑፎችን አውጥቶ ተባባሪ ፕሮፌሰር፤ ከዚያም በላይ ሙሉ ፕሮፌሰር፤ ይህንንም ሴኔቱ አቅርቦ ቦርዱ ያጸድቀዋል። በወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ፣ ቀና የሆነ መሰላል ነው። ችግሩ ከሌክቸረር ወደ ዶክትሬት በሚወስደው እርከን ላይ ነው። በአገር ውስጥ ቢማሩት አማካሪ አይገኝም፣ አማካሪ ቢገኝ ቤተ ሙከራና ገንዘብ አይገኝም፤ ውጭ ቢማሩት ደግሞ ዋስ ያስፈልጋል።

ዋስ! በእኛ መሥሪያ ቤት ሕጉ እንዲህ ነበር። ተማሪው በትምህርት ላይ እያለ ደመወዙ አይቋረጥም። በምትኩ ለተማረበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ዓመት ተመልሶ ያገለግላል። ባይመለስ የተከፈለው ሁሉ ይሰላና ዋሱ ይጠየቃል። ዋሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ገበሬ አባት ወይም ነጋዴ አጎት አይሆንም። «ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ» የሚል የመሥሪያ ቤት ማረጋገጫም ያመጣል።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ጓደኛዬ የአሜሪካ ዕድል ሲያገኝ ዋስ የሚሆነው ሰው ለማግኘት ሦስት ሳምንት ተንከራተተ። ዘመድ የተባለ ሁሉ ስልክ ማንሣት አቆመ። እኔን አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ «ለምን አትጠይቀኝም?» ያልኩት። ፈረምኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና ባዶውን ቦታ በጥንቃቄ ሞላችው፤ ሞልታም አነበበችልኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በወር 3,000 ብር እንኳ በቅጡ ለማይደርሰው ሰው 216,000 ብር የገንዘብ መጠን ሳይሆን ተረት ነበር።

ጓደኛዬ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨረሰ። አልተመለሰም።

ይህን በተመለከተ ዳኛ ለመሆን ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማሪያንና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ እርሱ በፌስቡክ ገጹ ላይ በስሙ ይጽፍ ነበር። ከመስከረም 2009 እስከ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ እጅን አጣምሮ ወደ ላይ ማንሣት፣ የተከለከለ ቴሌቪዥን ጣቢያ ማየት ሳይቀር ያስጠይቅ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰው በዚያ መካከል ነው። «ብመጣ ከቦሌ አልፋለሁ ወይ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም «አላውቅም» ብዬ መለስኩለት። እውነቴን ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ለውጥ መጣ ሲባል ግን «አሁንስ?» አልኩት። «ትንሽ ልየው» አለኝ። ያን ጊዜ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ ይዞ ነበር። ፍርሃቱ የቱ ድረስ እንደ ሆነ፣ ምቾቱ ከየት እንደ ጀመረ እርሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዝምታው ከገንዘቡ ይልቅ ጎዳኝ።

መንግሥት ተለወጠ፤ የሕግ አገልግሎት ክፍሉ ግን አልተለወጠም። ክሱ በሁለታችን ላይ ተመሠረተ፤ መጥሪያው የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 3,000 ብር፣ ይኸውም በጊዜው የደመወዜን አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ለ72 ወራት እንዲቆረጥ ሆነ። እናቴ የሰማች ዕለት አልጮኸችም። ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና «እንግዲህ ልጄ፣ ጓደኛህ መጣም አልመጣ ይህ ቆርቆሮ ማፍሰሱን አይተውም» አለችኝ።

(አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የቅናሹ ልክ ለ6 ዓመታት አልተለወጠም። በ2011 ዓ.ም. 3,000 ብር አንድ ኩንታል ጤፍ ገደማ ነበር፤ በመጨረሻው ወር ሩብ ኩንታል እንኳ በቅጡ አይገዛም ነበር። የኑሮ ውድነት የጠቀመው ኢትዮጵያዊ ቢፈለግ እኔ ልገኝ እችላለሁ።)

ለመሆኑ መንግሥት መብት የለውም ወይ? አለው። የደሃ አገር ገንዘብ የደሃ ሕዝብ ገንዘብ ነው። ቡና ለቅመውና እንሰት ፍቀው ግብር የከፈሉ ሰዎች ያስተማሩት ልጅ ብድሩን ሳይመልስ ቢቀር «ምን አገባችሁ?» ሊላቸው አይችልም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዋስትናው ሰውን ይመልሳል ወይ? እኔ ከፈልኩ እንጂ ጓደኛዬ አልተመለሰም። ገንዘቡ ለግምጃ ቤት ገባ፤ በስድስቱ ዓመታት ውስጥ ግን ያ ትምህርት ክፍል የጎደለውን መምህር አላገኘም። የእርሱን ኮርስ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ቀደም ባለው ጊዜ ሰዎች እንዴት ይመለሱ እንደ ነበር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን ሥር ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያዊ መምህር ጥቂት ነበር። በየዓመቱ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚላኩት ልጆች ግን አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር። የመለሳቸው የዋስ ፊርማ አይመስለኝም። የሚጠብቃቸው ሥራ፣ የሚያከብራቸው ሰው፣ ከሁሉም በላይ «ይህች አገር ያለ እኔ አትሆንም» የሚል (ምናልባትም ትንሽ ትዕቢት ያለበት) እምነት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በቀይ ሽብር ዘመን ተመለስ ማለት ሙት ማለት ሊሆን ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት የሄደው የማይመለስበት ዘመን ገብቶ ነበር።

ከዚያም የባሰው መጣ። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ፤ ውጭ ተምረው የተመለሱ፣ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት መካከል የሆኑ ታላቅ ቀዶ ሐኪም። በኋላ ታሰሩ፤ ጤናቸው ከተሰበረ በኋላ ለሕክምና ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1999 ፊላዴልፊያ ውስጥ አረፉ። ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትም ከተባረሩት ጋር ነበሩ፤ የመምህራን ማኅበሩ መሪ ሆነው ከእ.ኤ.አ. 1996 እስከ 2002 በእስር ቆዩ። ልብ በሉ! እነዚህ የተመለሱ ናቸው፤ ወይም ጨርሶ ያልሄዱ። ላልተመለሰ ሰው ዋስ የሚጠራው መንግሥት፣ ለተመለሰው ሰው ማን ዋስ ይሆንለታል? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ በአንድም ቅጽ ላይ አላየሁትም።

አሁን ያለው መንግሥት ያንን አላደረገም፣ የአካዳሚ ነፃነትም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ላይ ተጽፏል የሚለኝ ይኖራል። ተጽፏል። ግን በ2015 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በየግቢው «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ የተሰማው ነገር ነፃነት አልነበረም፤ ረሃብ ነበር። ዶክትሬት ያለው ሰው የቤት ኪራይ ለመክፈል በትርፍ ጊዜው ሦስት የግል ኮሌጅ ሲዞር፣ መቼ አንብቦ መቼ ይጽፋል?

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. ማለትም የእኔ ቅናሽ በጀመረበት ክረምት፣ እርሱ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ፕሮፌሰርነት ተቀጠረ። በዚያ አገር አዲስ መምህር ስድስት ዓመት ያህል ይፈተናል፤ ጽሑፉ፣ ማስተማሩ፣ ያመጣው የምርምር ገንዘብ ተመዝኖ ወይ ቋሚ ሹመት ይሰጠዋል ወይ ይሰናበታል። ይህም ዕድል የሚገኘው ስንቱን አልፎ ነው፤ ከአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አብዛኞቹ ከዚህ መንገድ ውጪ፣ በጊዜያዊ ውል የሚሠሩ ናቸው። «እዚህም ቁራኛ አለ፤ ሰንሰለቱ አይታይም እንጂ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር ዝምታውን ሲሰብር። ፈተናውን ያለፈው በ2017 ዓ.ም. ነው። የእኔም የመጨረሻ ቅናሽ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ነበር። ስድስቱን ዓመት በየፊናችን እኩል ቆጠርነው፤ እርሱ ሹመት አገኘ፣ እኔ ዕዳዬን ጨረስኩ።

በ2014 ዓ.ም. ለገና አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ወደ አገሩ እንዲገባ መንግሥት ጥሪ ባደረገ ጊዜ መጣ። ቦሌ በአበባና በባንዲራ ተቀበሉት። ለኮበለለበት ዓመት ሒሳቡን ጓደኛው እየከፈለ ያለ ሰው «እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ» ተባለ። ሐዋሳ መጥቶ ከእናቴ ቤት ሦስት ቀን አደረ። ሁለተኛው ቀን ማታ ሐይቁ ዳር ስንሄድ 90,000 ብር በፖስታ ሰጠኝ፤ ቀሪውን በየጊዜው እንደሚልክ ነገረኝ። አልላከም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ 90,000 ብር ለእርሱ ምናልባት የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነበር፣ ለእናቴ ደግሞ አዲስ ቆርቆሮ። ወሰድኩት። አንዳንድ ወዳጆቼ «ፊቱ ላይ ልትወረውርለት ይገባ ነበር» ብለውኛል። የእነርሱ ቤት አያፈስም።

ከገንዘቡ የበለጠ ነገር የሰጠኝ ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሁለታችንም ሌክቸረሮች ሳለን፣ በሲዳማ መንደሮች እየዞርን ስለ እንሰትና ስለ ቆጮ ገበያ መረጃ ሰብስበን ነበር። ቡላ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ሴቶቹ ምን ያህል እንደሚቀራቸው፣ ከመንደር እስከ ሐዋሳ ገበያ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ፤ ያ ሁሉ በደብተር ተጽፎ በእናቴ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። አወረድነው። በዚያው ዓመትና በቀጣዩ አብረን ሁለት ጽሑፍ አወጣንበት።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚገባው እዚህ ሆኖ ለማሳተም የሞከረ ሰው ነው። ዶክትሬቴን አዲስ አበባ ላይ በ2013 ዓ.ም. ጨርሼ ረዳት ፕሮፌሰር ከሆንኩ ወዲህ የኢሜይል ሳጥኔ በግብዣ ተሞልቷል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የጻፈልኝ፣ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ በአንድ ሳምንት አትማለሁ የሚል መጽሔት ነው። ጄፍሪ ቢል የተባለ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ ያሉትን እየመዘገበ በድረ ገጹ ያወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩን አወረደው። ብዙ ባልደረቦቼ ሳያውቁ፣ ጥቂቶቹ እያወቁ ገብተውበታል። ትክክለኛ ከሆኑት መካከል ደግሞ 1,500 ዶላር የሚጠይቅ ብዙ ነው። ይህ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ዋጋ 86,000 ብር ገደማ ነበር። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተተወ ወዲህ ከ150,000 ብር በላይ ሆኗል። እርግጥ አንዳንድ አሳታሚዎች ከደሃ አገር የሚመጣውን ጽሑፍ ክፍያ ይተውለታል፤ ግን ይህንን እንኳ የሚነግርህ ቀድሞ መንገዱን የሄደ ሰው ያስፈልግሃል። ለእኔ የነገረኝ ያ ከሃዲ የተባለው ሰው ነው። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሬን ያስተካከለልኝ፣ ገምጋሚዎቹ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብለው ሲያናንቁኝ «አትመልስ፣ ሁለት ቀን ተኛበት» ያለኝም እርሱ ነው።

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያስገባሁት ፋይል አሁን በኮሚቴ እጅ ነው። ከውስጡ ነጥብ የሚያስገኙልኝ ዋናዎቹ ሁለቱ ጽሑፎች ናቸው። ኮሚቴው ነጥቡን ሲደምር፣ ከስሜ ቀጥሎ ያለው ስም በዚያው ግቢ የሕግ ክፍል ውስጥ በሌላ ፋይል ላይ በቀይ ተጽፎ መቀመጡን አያስተውልም። አንዱ ቢሮ የሚከስሰውን ሰው ሌላው ቢሮ በእኔ በኩል ይሸልመዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በልቤ እያለ ነው ልጅቱ አሞራ ገደል ላይ ቅጹን ከፊቴ ያኖረችው።

«ሌላ ሰው ሞክረሻል?» አልኳት።

«አራት ሰው ጠይቄአለሁ፤ መምህር። ሁሉም የእርስዎን ነገር ያውቃሉ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። እኔ መቀጣጫ መሆኔን እስከዚያ ደቂቃ አላወቅሁም ነበር። ለካ በዚያ ግቢ ወጣቶች የትምህርት ዕድል ባገኙ ቁጥር የሚነሣው የእኔ ስም ኖሯል።

«አባቴ ሊፈርምልኝ ዝግጁ ነው» አለች። «ሁለት ሄክታር ቡና አለው። አይቻልም አሉኝ፤ ደመወዝተኛ አይደለም።»

ቅጹን አገላበጥኩት። ያው ነው፤ ባዶው ቦታ ላይ ግን አሁን የሚሞላው ቁጥር ከድሮው በብዙ ይበልጣል። ጥያቄዋን የማይጠይቅ ሰው የለም፤ እኔም ጠየቅኋት።

«ትመለሻለሽ?»

ወደ ሐይቁ ዞር አለች። አንዱ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ወረደ።

«አላውቅም፤ መምህር» አለችኝ። «አራት ዓመት በኋላ ይህ አገር እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ እኔም ምን እንደምሆን አላውቅም። መመለስ እፈልጋለሁ። ግን እመለሳለሁ ብዬ ብምልልዎ ይሻልዎታል?»

በ2004 ዓ.ም. ጓደኛዬ እናቴ ቤት ሆኖ፣ እጁን በመጽሐፍ ላይ ጭኖ ምሎልኝ ነበር። ይህን አልነገርኳትም። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበርና ሌላ አዘዝኩላት፤ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ አማካሪዋ፣ ክረምቱ እዚያ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ለማንም ሳታሳይ ምንም እንዳትጽፍ አወራኋት። ወረቀቱን ግን ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ።

ማታ እናቴ ቡና እያፈላች መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀስ እያለች ከላይ እስከ ታች ጨረሰችው። «የማን ልጅ ናት?» አለች። ነገርኳት። «ጎበዝ ናት?» አለች። ናት አልኳት። ከዚያ ሌላ አልጠየቀችም፤ አዲሱን ቆርቆሮ ቀና ብላ አየችና ሁለተኛውን ጀበና ጣደች።

መስከረም ላይ ወደ ሥራ ስመለስ በመጀመሪያው ሰኞ የሰው ሀብት ክፍል ገባሁ። ሠራተኛዋ ያችው ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ለምን ጉዳይ?»

«ለዋስትና።»

ብዕሯን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። 72 ወር ሙሉ ያንን ቅናሽ በእጇ የጻፈችው እርሷ ናት። ምንም አላለችም። ኮምፒዩተሩን ከፍታ ስሜን ፈለገች፤ ሰኔ ላይ መዘጋቱን አረጋገጠች፤ ከዚያም «ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆኑ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጻፈች። አትማ ማኅተም ከመምታቷ በፊት ግን ወረቀቱን በእጇ ይዛ «ዶክተር፣ ዛሬ ይሂዱና ነገ ይምጡ፤ ነገም ከፈለጉት እመታልዎታለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ።